የግጦሽ መስካችን ጥያቄ የዘር፣ የአጥርና የዋጋ ጥያቄ ነው

ወተት በየቤቱ የሚገባ የኑሮ ጉዳይ ነው። በፈረቃ የሚሠራው ወዝአደር፣ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግለው ሠራተኛ፣ በየሰፈሩ ልጆቿን ለማሳደግ ደፋ ቀና የምትለው እናት በየማለዳው አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ይኸውም ዛሬ ለልጅ የሚሆን አንድ ብርጭቆ ወተት ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የወተት እጦት ብቻውን ያመጣው ነው አንልም። ይሁን እንጂ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ከሕፃናት ገበታ መራቁ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ስለሆነም የግጦሽ መስክ ነገር ለገጠሩ አርሶ አደር ብቻ የተተወ ጉዳይ ነው ብሎ ፊቱን የሚያዞር የከተማ ነዋሪ ቢኖር፣ የገዛ ልጁን ጉዳይ ለሌላ ሰው እንደተወ ሊገነዘብ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስጨብጥ የምንፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ሣርንና የጥራጥሬ ወገን የሆኑትን ተክሎች በአንድ መስክ አደባልቆ የማብቀል ዘዴ ለአገራችን አዲስ ግኝት አይደለም። ዕውቀቱ በእጃችን ከገባ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘዴው ከምርምር ጣቢያ አጥር ወጥቶ ወደ ሰፊው መስክ እንዳይደርስ አንቀው የያዙት ሦስት ቋጠሮዎች ናቸው፤ እነርሱም ዘር፣ አጥርና ዋጋ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፣ ማለትም የዋጋው ቋጠሮ፣ በአብዛኛው በከተማው ነዋሪና በሠራተኛው እጅ ያለ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ተጨባጩን ሁኔታ እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የግብርና ናሙና ጥናት መሠረት የአገራችን የቀንድ ከብት ብዛት 70 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚህ ቁጥር ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ከሚባሉት ተርታ እንሰለፋለን። ነገር ግን አንዲት የአገር ላም በቀን በአማካይ የምትሰጠው ወተት ከአንድ ሊትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የተረቱት እንዲህ ላለው ሁኔታ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ላሞቻችን በምድር ላይ ቆመዋል፤ ወተቱ ግን እንደ ሰማይ ርቋል። በከብቱ ብዛትና በወተቱ ማነስ መካከል ያለው ይህ ቅራኔ ከምን የመነጨ ነው?

መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ከመኖው ላይ ነው። ከብቶቻችን ከሚመገቡት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከግጦሽ፣ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ደግሞ ከጭድ፣ ከገለባና ከአገዳ የሚገኝ ነው። ተሻሽሎ የተዘራ መኖ የሚይዘው ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። የግጦሹ መሬት የሕዝቡን ቁጥር መጨመር ተከትሎ እየታረሰ ከዓመት ወደ ዓመት ጠብቧል። የተረፈውም መስክ ክረምት ከበጋ ዕረፍት ሳያገኝ ይጋጣል። ከብት በተፈጥሮው የሚጣፍጠውን መርጦ ስለሚበላ፣ ጥሩው ተክል ዘሩን ሳይጥል ያልቃል፤ ከብት የማይነካው አረምና እሾህ ግን ተመቻችቶ ይስፋፋል። በዚህ ሁኔታ መስኩ በየዓመቱ በዓይነቱም በመጠኑም እየደኸየ ይሄዳል።

ጭዱስ ቢሆን? የጤፍም ሆነ የስንዴ ጭድ በውስጡ የሚገኘው ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 በመቶ በታች ነው። በከብት ጨጓራ ውስጥ ሆነው መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን በሚገባ ለማከናወን ግን ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ከዚህ ሲያንስ መኖው ሳይብላላ ይከርማል፤ ላሚቱም ተጨማሪ ለመብላት አትችልም። እንግዲህ በበጋ ወራት በየደጃፉ የምናያት ላም ሆዷ ሞልቶ የምትራብ ላም ናት ማለት ነው።

ይህን ቅራኔ ለመፍታት በየጊዜው የሚሰነዘሩ ሁለት አስተያየቶች አሉ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የመጀመሪያው «ችግሩ የዝርያ ነው፤ የፈረንጅ ላም ይግባ» የሚለው ነው። የተዳቀለች ላም ከአገር ላም ብዙ እጥፍ ወተት ልትሰጥ እንደምትችል አያጠራጥርም። ነገር ግን ይህን የምታደርገው የሚያስፈልጋትን መኖ ስታገኝ ነው። ጭድ ብቻ የሚቀርብላት የተዳቀለች ላም ወተቷ ይደርቃል፣ ኮርማ መፈለጓ ይዘገያል፣ በሽታም ቶሎ ያጠቃታል። ሁለተኛው አስተያየት «ፉርሽካና ፋጉሎ ገዝቶ መቀለብ ነው» የሚለው ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ጠቃሚ መኖ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ይሁንና አቅርቦታቸው በዱቄትና በዘይት ፋብሪካዎች ሥራ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ዋጋቸው በተወደደ ቁጥር የወተቱም ዋጋ አብሮ ይንራል። አንድ ወይም ሁለት ላም ያለው የከተማ ነዋሪ በዚህ ሩጫ ውስጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በመጨረሻም ላሚቱን ለመሸጥ ይገደዳል። ዝርያም ሆነ የፋብሪካ መኖ ከመስክ የሚገኘውን መሠረታዊ ቀለብ ሊተኩ አይችሉም። ቤት ከመሠረቱ እንጂ ከጣሪያው አይጀመርም።

ወደ ሣርና ጥራጥሬ ድብልቅ የምንመጣው ከዚህ በመነሣት ነው። ነገሩ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በጥቂቱ ማብራራት ይገባል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ለፕሮቲን መሠረት ሲሆን፣ ፕሮቲን ደግሞ ለወተትና ለሥጋ መሠረት ነው። ሆኖም ሣርም ሆነ ስንዴ፣ ጤፍም ሆነ በቆሎ ይህን በዙሪያቸው የተትረፈረፈ ሀብት ከአየር ላይ በቀጥታ ለመውሰድ አቅም የላቸውም። የጥራጥሬ ወገን ግን በሥሩ ላይ በሚያወጣቸው ትንንሽ እባጮች ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያንን ያስተናግዳል። ተክሉ ለእነርሱ ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነርሱም የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚመች መልክ ለውጠው ይሰጡታል። ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች ሄልሪገልና ቪልፋርት ይህን ሂደት በሙከራ አረጋግጠው የምርምራቸውን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1888 አሳትመዋል። የእኛም አርሶ አደር ቢሆን፣ ስሙን እንዲህ ብሎ ባይጠራውም፣ ባቄላና አተር በተነሣበት ማሳ ላይ በተከታዩ ዓመት የሚዘራው ስንዴ እንደሚያምር ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የሚጠራጠር ቢኖር የባቄላ ተክል ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅሎ እባጩን በጥፍሩ ይሰንጥቀው፤ ውስጡ ወደ ቀይ ያደላ ከሆነ በሥራ ላይ መሆኑን ይረዳል።

ጥሩ ይዞታ ባለው መስክ ላይ የበቀለ የጥራጥሬ ወገን መኖ በአንድ ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ50 እስከ 150 ኪሎ ግራም የሚደርስ ናይትሮጅን ከአየር ሊስብ ይችላል። የዚህን ትርጉም ለመረዳት፣ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ከረጢት ዩሪያ በውስጡ የያዘው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ግራም ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ያ መስክ ከሁለት እስከ ስድስት ከረጢት ዩሪያ የሚያህል ሀብት ያለ መርከብ፣ ያለ ወደብና ያለ ውጭ ምንዛሪ ያገኛል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ በናረበት ወቅት የደረሰብንን ጭንቀት የሚያስታውስ ሁሉ የዚህን ነገር ክብደት አይስተውም።

ታዲያ ጥራጥሬው ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ሣሩ ለምን አስፈለገ? ለብቻው ቢዘራስ? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሣር ብዙ ቀለብ ይሰጣል፤ በተሰራጨ ሥሩም አፈሩን አቅፎ ከጎርፍ ይጠብቃል። እንደ ቬች ላለው በመሬት ላይ ለሚሳብ ሐረግ መደገፊያ ሆኖ ከጭቃና ከመበስበስ ያድነዋል። በአፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ሣሩ ስለሚሻማው ጥራጥሬው ወደ አየሩ ፊቱን እንዲያዞር ያስገድደዋል። ከዚህም በላይ ለጋ ማገጥ ወይም አልፋልፋ ብቻውን በብዛት የበላ ከብት ሆዱ ተነፍቶ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል፤ ከሣር ጋር ሲሆን ግን ይህ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ መስክ ላይ ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ከመስኩ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጥራጥሬ፣ የቀረው ሣር ሲሆን ሚዛኑ ጥሩ እንደሆነ ይታመናል። ይህ ሚዛን ግን በራሱ ጊዜ አይጸናም። ዩሪያ ያለ ልክ የተበተነበት እንደሆነ ሣሩ አይሎ ጥራጥሬውን ይውጠዋል፤ ያለ ዕረፍት የተጋጠ እንደሆነም ከብቱ ጥራጥሬውን ለቅሞ ይጨርሰዋል። መስክም እንደ ማሳ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል።

ለዚህ ሥራ ባዕድ ተክል ፍለጋ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም። በክረምት መውጫ ደጋውን በነጭና በሐምራዊ አበባ የሚያለብሰው ማገጥ ከጥራጥሬ ወገን ነው። በአገራችን ከ20 የሚበልጡ የማገጥ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሌላ በየትኛውም አገር አይገኙም። ውኃ በሚተኛበት ጥቁር የዋልካ መሬት ላይ ሳይቀር ይበቅላሉ፤ በዚህ ዓይነት መሬት ላይ የሚጎድለው ፎስፈረስ በጥቂቱ ሲጨመርላቸውም ዕድገታቸው በእጅጉ እንደሚፋጠን በምርምር ታይቷል። ለደጋው አርሶ አደር የተለመደው ድብልቅ አጃና ቬች ነው። በሚዛን ሦስት እጅ አጃና አንድ እጅ ቬች ተደባልቆ ይዘራል፤ ቬቹ ሲያብብ፣ የአጃው ፍሬም ገና ወተት ሳለ ይታጨዳል። በጥሩ ክብካቤ በሄክታር እስከ 8 ቶንና ከዚያም በላይ ደረቅ መኖ ሊሰጥ ይችላል። በወይና ደጋው ደግሞ ሮደስ ሣርና የዝሆን ሣር ከዴስሞዲየም ወይም ከላብላብ ጋር ይስማማሉ። በበቆሎ መስመሮች መካከል የተዘራ ዴስሞዲየም መኖ ከመሆኑም ሌላ የበቆሎና የማሽላ ጠላት የሆነውን አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም ይገታል።

ከላይ እንደገለጽነው ይህ ሁሉ ዕውቀት ትናንት የመጣ አይደለም። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የሆለታው ጣቢያ በአጃና በቬች ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአሰላ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የተዳቀሉ ጊደሮችን ከተሻሻለ መኖ ጋር ወደ አርሲ ገበሬዎች ለማድረስ ጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ዋና መቀመጫውን በአዲስ አበባ አደረገ። ዛሬ ይህ ተቋም ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት በሚል ስም የሚጠራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በሚገኘው የዘር ባንኩ ከ18 ሺህ በላይ የመኖ ተክል ናሙናዎችን ይዟል። ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው በአራተኛው የእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክት አማካይነትም መኖን በጓሮ፣ በእርከን ላይ፣ በሰብል ሥርና በወል ግጦሽ ላይ የመዝራት ስልቶች ወደ ብዙ ወረዳዎች ደርሰዋል። ይህ ሁሉ ጥረት ተደርጎ የተሻሻለ መኖ ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ሆኖ መቅረቱ ቆም ብለን እንድናስብ ያስገድደናል። የጎደለው ሳይንስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተሟላ ነበር። የጎደለው አደረጃጀት ነው።

የመጀመሪያው ቋጠሮ የዘር ጉዳይ ነው። መኖ የሚዘራ አርሶ አደር ለከብቱ ሲል ተክሉን በአበባው ያጭደዋል፤ በአበባው የታጨደ ተክል ደግሞ ዘር አይሰጥም። ስለሆነም ከማሳው ላይ ጥቂቱን ለይቶ ለዘር የሚያቆይ፣ ለዚህም ድካሙ ተገቢውን ዋጋ የሚያገኝ ሰው መኖር አለበት። እስከ ዛሬ የታየው አሠራር ግን ዘሩን በፕሮጀክት ገንዘብ ገዝቶ በነፃ ማደል ነበር። በነፃ የሚታደል ዘር ባለበት አካባቢ ዘር አምርቶ የሚሸጥ አይኖርም። በዚህም የተነሣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዘሩም አብሮ ያልቃል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሌላ ፕሮጀክት መጥቶ ያንኑ ከሀ ይጀምራል። ይህ አዙሪት ሊሰበር የሚችለው በየወረዳው ጥቂት አርሶ አደሮች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የቬች፣ የማገጥና የዴስሞዲየም ዘር እያመረቱ ለጎረቤቶቻቸው ሲሸጡና ለዚህም የታወቀ ገዢ ሲያገኙ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቋጠሮ አጥር ነው። አጥር ስንል እሾህና ሽቦ ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ስምምነት ማለታችን ነው። በወል ግጦሽ ላይ አንድ አርሶ አደር ማገጥ ቢዘራ በማግስቱ የጎረቤቱ ከብት ይበላዋል። ስለዚህ ሁሉም ከብቱን ያበዛል እንጂ ማንም መስኩን አያለማም። ሰብል ከተነሣ በኋላ የማንኛውም ሰው ከብት በማንኛውም ሰው ማሳ ላይ እንዲሰማራ የሚፈቅደው ልማድም ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆዩ የመኖ ተክሎችን ገና በእንጭጩ ይቀጫቸዋል። ይህን ማስተካከል በግለሰብ አቅም የሚቻል አይደለም።

ሕዝባችን የጋራ መስክን በጋራ ሕግ የመጠበቅ ችሎታ እንደሌለው የሚናገሩ ቢኖሩ መንዝን ያስታውሱ። የጓሳ መስክ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በአካባቢው ሕዝብ ደንብ ለዓመታት ይከለል፣ ከዚያም ለሣር አጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር። እርግጥ ነው፣ ያ ሥርዓት በዘር ሐረግ በሚወረስ የርስት መብት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሁሉንም እኩል አያይም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያን የርስት መብት ሲሽር የቆየው የጥበቃ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ፤ መስኩም ለጉዳት ተጋለጠ። ከጊዜ በኋላ ግን የአካባቢው ነዋሪዎች አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መልሰው አቋቁመዋል። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ግልጽ ነው። አሮጌው ሥርዓት ፍትሕ ስላልነበረው ፈረሰ፤ የመሬት እኩልነት ብቻውን ግን መስክን አያድንም። እኩልነት ከደንብ ጋር ሲጣመር ብቻ ነው ሣሩ የሚተርፈው።

ደንብ ሲወጣ የማን ድካም እንደሚቀንስና የማን ድካም እንደሚጨምር መታየት አለበት። ከብት ታስሮ መኖው ታጭዶ ሲቀርብ፣ ቀኑን ሙሉ ከብት ሲከተል ይውል የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያገኛል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ሣር አጭዶ የመሸከሙና ውኃ የማቅረቡ ሥራ በዝምታ ወደ እናቲቱ ጫንቃ ከተላለፈ ከአንድ ጭቆና ወደ ሌላ ጭቆና ተሸጋገርን ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡ ሴቶች ባሉበትና በሚወስኑበት ጉባኤ ሊወጣ፣ ሥራውም በቤተሰቡ አባላት መካከል በግልጽ ሊከፋፈል ይገባል።

ሦስተኛው ቋጠሮ ዋጋ ነው። የከተማው አንባቢያችን በተለይ ልብ እንዲል የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ላም የሚያረቡ ነዋሪዎች ድርቆሽ የሚያስመጡት ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋና ከመሳሰሉት ሜዳዎች ነው። ድርቆሹ የሚገዛው ግን በእስር ቁጥር ወይም በመኪና ጭነት ነው። ሻጩ የሚያገኘው ገንዘብ በእስሩ ብዛት የሚወሰን እስከሆነ ድረስ ሣሩ ረዝሞ፣ አብቦ፣ ዘሩን እስኪያረግፍ መጠበቁ አያስደንቅም። እስከዚያ ድረስ ግን ማገጡ ደርቆ ቅጠሉ ይረግፋል፤ የሣሩም ፕሮቲን ይወርዳል። ስለዚህ ገዢው በውድ ዋጋ የሚገዛው መልኩን የለወጠ ጭድ ነው። ከዚያም የጎደለውን ለመሙላት ፉርሽካ ይገዛል፤ የፉርሽካውንም ዋጋ በወተቱ ላይ ይጨምራል። በመጨረሻ ሁሉንም የሚከፍለው ለልጁ ግማሽ ሊትር ወተት የሚገዛው ሠራተኛ ነው። እንግዲህ አርሶ አደሩ ቬችና ማገጥ ያልዘራው ስላላወቀ ነው ብለን ልንወቅሰው አንችልም፤ በጥራት ከፍለን አናውቅምና።

ጥሩ ድርቆሽን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያሻም። ቀለሙ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ቅጠሉ ከአገዳው የበዛ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ሻጋታና አቧራ የሌለበት፣ በእጅ ሲጨበጥ የማይወጋ፣ በውስጡም የማገጥ ራስ ወይም የቬች ሐረግ የሚታይበት ድርቆሽ ጥሩ ነው። ቢጫ ሆኖ አገዳው የጠነከረና ዘሩን ያረገፈው ግን ሆድ ከመሙላት ያለፈ ፋይዳ የለውም። ይህን መለኪያ የያዙ ገዢዎች ተባብረው በሁለት ደረጃ ዋጋ ቢገዙ፣ ማለትም በአበባው ለታጨደና ጥራጥሬ ላለበት ድርቆሽ ከፍ ያለ ዋጋ ቢከፍሉ፣ መልእክቱ ከማንኛውም ስብከት ፈጥኖ ገጠር ይደርሳል። በተናጠል አንድ ገዢ ይህን ቢጠይቅ ሻጩ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሃምሳ ገዢዎች በአንድ ድምፅ ሲጠይቁ ግን ሻጩ ያዳምጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለዚህ ነው።

«የሰው እህል የሚበቅልበት መሬት በጠፋበት ጊዜ መሬትን ለከብት መኖ መስጠት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ላይ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር አርሶ አደር «ከማሳህ ከፍለህ ሣር ዝራ» ማለት ከሕይወት የራቀ ምክር ነው። ነገር ግን የመኖ ተክል የእህልን ቦታ ሳይሻማ የሚገባባቸው ብዙ ሥፍራዎች አሉ። ደሾ ሣር በእርከን ላይ ተተክሎ አፈሩን ይይዛል። ትሪ ሉሰርን በደጋ ጓሮ ዙሪያ አጥርም መኖም ይሆናል። በበቆሎ ሥር የተዘራ ላብላብ በቆሎው ከተነሣ በኋላ በቀሪው እርጥበት ያድጋል። ጎርፍ የቦረቦረውና ከከብት ንክኪ ተከልሎ የሚያገግመው ተዳፋትም ሣርና ጥራጥሬ ተቀላቅሎ ሊበተንበት ይችላል። መኖው ለመሬቱ የሚመልሰው ናይትሮጅንና ከላሚቱ የሚገኘው ፍግ ሲታሰብ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የሰው እህልም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን፣ እንቁላልን፣ ማርንና ሥጋን በየገበታው ለማድረስ ያለመ ነው። ዓላማው የሚደገፍ ነው። የዚህ ዓይነት ዕቅድ አፈጻጸም ሲለካ ግን ስንት ጊደሮች ተከፋፈሉ ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን ስንት ሄክታር መስክ ተዘራ፣ ስንት ኩንታል የመኖ ዘር በአገር ውስጥ ተመረተ፣ ስንት የወል ግጦሽ በደንብ መተዳደር ጀመረ የሚሉት ጥያቄዎችም መመለስ ይኖርባቸዋል። መኖ ያልቀደመላት ጊደር ለተቀባዩ ቤተሰብ ዕዳ ናት።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በየሰፈሩ ላም የምናረባ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተን ከሰኔ በፊት ከአርሶ አደር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር የድርቆሽ ውል እንግባ፤ በውሉም የአጨዳው ጊዜና የጥራጥሬው ድርሻ ይጻፍ። አቅም ያላቸው ማኅበራት የቬችና የአጃ ዘር በቅድሚያ ገዝተው ለአምራቾቹ ያቅርቡ፤ ዋጋውንም ከድርቆሹ ሒሳብ ያቀናንሱ። የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሸማቾች ማኅበራት ወተት የሚገዙት እንዲህ ባለ መኖ ከሚያመርቱ የወተት ማኅበራት ጋር በዘላቂ ውል ይሁን፤ የታወቀ ገዢ ያለው አምራች ለነገ ለመዝራት ይደፍራልና። የግብርና ባለሙያዎች በነፃ ዘር ከማደል ይልቅ ዘር አምራቾችን ያደራጁ። የገጠር ቀበሌዎች ቢያንስ አንድ የወል መስክ ከልለው፣ ደንብ አውጥተውና ማገጥ ዘርተው ውጤቱን በዓይናቸው ይዩ።

ከእነዚህ አንዱም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ናይትሮጅኑ በአየሩ ውስጥ አለ፤ ማገጡ በሜዳችን ላይ አለ፤ ዕውቀቱም በምርምር ጣቢያዎቻችን አለ። የሚቀረው ገዢውና አምራቹ፣ ከተማውና ገጠሩ በአንድ ውል መተሳሰራቸው ነው። በመጪው ጥቅምት ድርቆሽ ለመግዛት የሚወጣ ሁሉ የእስሩን ብዛት ከመቁጠሩ በፊት እስሩን ፈትቶ ውስጡን ይመልከት፤ ለጥሩው ጥሩ ዋጋ ይክፈል፤ ለአምራቹም ምክንያቱን ይንገረው። በልጆቻችን ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው ወተት መጠን የሚወሰነው በዚያ ቀን በሚደረገው ግዢ ነው።